ትርሲት ትሙት

ዘርትሁን ይማም ኩላሊቷን ለልጇ እንዳትሰጥ የተከለከለችው በኅዳር ወር 2074 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባዶ ሆዷን ነበረች። ሆስፒታሉ የሚያለብሰውን ከኋላ የሚታሰር ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ፣ መዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ደሴ በኅዳር እንኳን በስስ ሸሚዝ ለተቀመጠ ጋቢ ለደረበም አትራራም።

ምርመራው ሁሉ አልቆ ነበር። ደሟ ከልጇ ደም ገጥሟል፤ ልቧም ሳንባዋም ደህና ነው ተብሏል፤ ዶክተር ረድኤት ራሷ «እንዲህ የሚስማማ በዓመት አንዴ ነው የሚገጥመን» ብላ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋታለች። ልጇ ትርሲት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከግድግዳው ማዶ ተዘጋጅታ ተኝታለች። የትርሲት ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል፤ በሳምንት ሦስት ቀን በሚደረግላት እጥበት ነው የምትኖረው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ምንተስኖት ‹ይለፍ› የሚለውን መንካት።

አቶ ምንተስኖት ነካው። ደግሞ ነካው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው፤ ከዚያ ማሳያውን ወደ እሷ አዞረላት። ደንቡ አዙሩ ስለሚል ነው እንጂ ባያዞረው ደስ ባለው።

ለጋሽ፦ አይፈቀድም።
ምክንያት፦ ለጋሿ ተቀባይዋ እንድትሞት ትመኛለች።
ብዛት፦ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ 11,406 ጊዜ።

ዘርትሁን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ ማንበብ አይቸግራትም። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ይሄ የሷ እንዳልሆነ፣ ምናልባት ሞክሼዋ ትሆን እንደሆነ ነገረችው።

ሰውየው ከሥር ያለችውን ምልክት ሲነካት የዘርትሁን የገዛ ድምፅዋ ከነገበያው ጫጫታ ወጣ። «ትርሲት ትሙት፣ በዚህ አያዋጣኝም፣ አንተ ስለሆንክ ነው።» ቀጠለ። «ትርሲት ትሙት፣ ነቀዝ የሚባል አልነካውም።» ደግሞ ቀጠለ፤ እቤቷ ሰው መጥቶባት መሆን አለበት፤ «ትርሲት ትሙት ሳትቀምሺ አትሄጂም፣ ቁጭ በይ።»

ዘርትሁን ሳቀች። ከት ብላ ነው የሳቀችው፤ ነገሩ አለቀ መስሏት። ይቺ ናት እንዴ ብላ፣ እፎይ ብላ፣ ሸሚዟን ከኋላ ሰብስባ ይዛ ልትነሣ ነበር። አቶ ምንተስኖት አለመሳቁን ያየችው ከተነሣች በኋላ ነው።

ዛሬ ገበያ መሀል አንድ ሰው ‹እገሌ ይሙት› ቢል ሁላችንም ዞር ብለን እናየዋለን፤ ልጆቻችንማ ነገሩን ከነጭራሹ አያውቁትም። ያን ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሰው የሚምለው በሚሳሳለት ነበር። በጠላቱ ስም የሚምል ማን አለ? ጠላትህ ቢሞት ምን ተዳህ? በምትሳሳለት ምለህ ከዋሸህ ግን መዓቱ የሚወርደው በዚያው በምትሳሳለት ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰሚው ያምንሃል። ፀጉሩ የሸበተውም አፉን ገና የፈታውም ይህን ያውቅ ነበር።

ዘርትሁን ሰኞ ገበያ ላይ የደላንታ ምስር ትሸጥ ነበር። ባሏ ደግፌ በሕይወት ሳለ የምትምለው በእሱ ነው። እሱ ሲሞት ትርሲት ገና የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ዘርትሁን እናት የላት፣ ወንድም የላት፣ ከዚያ ወዲያ ከልጇ በቀር የምትምልበት ሰው አልነበራትም። ደግሞም የገበያው ሰው የሚያውቅባት አንድ ነገር አለ። ዘርትሁን እንደማንኛውም ነጋዴ ትዋሻለች፤ በማርያምም በሚካኤልም ምላ ስትዋሽ ሰምተናታል የሚሉ ሞልተዋል። በትርሲት ስም ግን አንድ ቀን ዋሽታ አታውቅም። ‹ትርሲት ትሙት› ካለች ክርክር የለም፤ ገዢው ከረጢቱን ይዘረጋል።

አምባሩ የመጣው በስድሳ አምስቱ የሳል ወረርሽኝ ጊዜ ነው። በየቀበሌው በነፃ ታደለ፤ ትኩሳትህን ይለካል፣ የልብህን ምት ይቆጥራል፣ ሳልህን ሰምቶ ሳትወድቅ ያስጠነቅቅሃል። እውነት ለመናገር ብዙ ሰው አትርፏል። ሳልን ከወሬ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ግን አልተሠራለትም፤ ስለዚህ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ አምባሩ ቀረ፤ ማንም አውልቁ አላለም፣ ማንም አላወለቀም።

የሰማው ሁሉ የሚሄደው ወደ ‹ተናባቢ› ነው። ተናባቢ ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ስሙ ነው፤ ገበያው ‹ደላላው› ነበር የሚለው። አልተሳሳተም። የአንዱን ሆስፒታል መዝገብ ወስዶ ለሌላው ያደርሳል፣ ለኢንሹራንሱ ያደርሳል፣ ለቀጣሪው ያደርሳል፣ በየመሸጋገሪያው የድርሻውን ይቆነጥራል። እንዲህ ያሉ አሥራ አራት ደላሎች ነበሩ፤ ገበያ ይሻማሉ፣ ግን አንዱ የያዘውን ሌላው ሳይውል ሳያድር ይገለብጠዋል። መዝገቡ ሲጓዝ ደግሞ በአማርኛ አይጓዝም። የሁሉም ወደሆነ፣ የማንም ወዳልሆነ አንድ ቋንቋ ይለወጣል፤ አገሩ ሲመለስ እንደገና ወደ አማርኛ ይመለሳል። ‹ትርሲት ትሙት› ብሎ የሄደው ‹እንድትሞት ትመኛለች› ሆኖ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል ነበር፤ የሚወጣበት አፋፍ ይህን ያህል ሩቅ እንደሚሆን የገመተ ግን አልነበረም።

ዘርትሁን አቶ ምንተስኖትን ለመነችው። ከእሷው ምስር ሲገዛ የኖረ ሰው ነው፤ መሐላዋን በጆሮው ሰምቶ፣ አምኖ፣ ከረጢቱን ሞልቶ የሄደ ሰው ነው።

«እኔማ ይገባኛል እትዬ ዘርትሁን» አላት። «ትናንት እኔም ባለቤቴ ትሙት ብዬ ምያለሁ። የማይገባው እሱ ነው።»

ደግ ሰው ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። እዚያው ቁጭ ብሎ የማስተካከያ ቃል ጻፈላት፤ ‹ይህ አነጋገር የሞት ምኞት ሳይሆን መሐላ ነው› የሚል። ዶክተር ረድኤትም ፈረመችበት። በአራት ሰዓት ተላከ። ትርሲትን ከአልጋዋ አላስነሷትም፤ ዘርትሁንም ሸሚዙን አላወለቀችም፤ ሁሉም እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ሁለተኛው መስመር ተለውጧል።

ምክንያት፦ ለጋሿ ተቀባይዋ እንድትሞት እንደምትመኝ በመሐላ አረጋግጣለች።

ዶክተር ረድኤት ይህን ስታነብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ‹መሐላ› የሚለው ቃል ማዶ ደርሶ ምን ሆኖ እንደተመለሰ ሦስቱም ገብቷቸዋል፤ ለማን ይነገራል? የራሳቸውን ሆስፒታል ቅጂ ቢሰርዙት በማግስቱ አሥራ ሦስቱ መልሰው ሞሉት። ‹የከፋው ይጸናል› የሚባል ደንብ ነበር፤ ሁለት መዝገብ ሲጋጭ አስፈሪው ያሸንፋል። ደንቡን ያወጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዱ መዝገብ ‹ይህ መርፌ ይገድለዋል›፣ ሌላው ‹አይገድለውም› ያለ እንደሆነ ሰውየውን ለማትረፍ ነው ያወጡት። ዘርትሁን ባሕር ዳር ደወለች፣ አዲስ አበባ ደወለች፣ ሰው ለምና ናይሮቢ ሳይቀር አስደወለች። ስሟን ተናግራ ሳትጨርስ ያንኑ መስመር ያነቡላታል።

አንድ መንገድ ቀረ። አርባ ቀን ንጹሕ ቃል፣ በአርባኛው ቀን የቃል ምርመራ። በአርባው ቀን ውስጥ ስለ ሞት አንድም ነገር ከአፏ መውጣት የለበትም፤ አምባሩን ማውለቅም አይቻልም፣ ያወለቀ ሰው የሚደብቀው አለው ተብሎ ይጻፍበታል። ዶክተር ረድኤት ትርሲትን አስወጥታ ለእናትየዋ ብቻ ነገረቻት። የልጅቷ ደም ሥር እየደነደነ ነው፤ መርፌው የሚገባበት ቦታ እየጠፋ ነው። አርባ ቀን ትደርሳለች። ከዚያ በላይ ስንት ቀን እንደሆነ አልተናገረችም፣ ዘርትሁንም አልጠየቀችም።

ገበያ በወጣች በመጀመሪያው ሰኞ የዳቦ ቤቱ ባለቤት አቶ ሰይድ መጣ። አሥራ አምስት ዓመት ደንበኛዋ ነው። ምስሩን በእጁ ዘግኖ አየ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ እንደ ወጉ ተከራከረ። እሷም ተከራከረች። በመጨረሻ እጁን ጨብጦ ጠበቃት፤ ይህ የመሐላው ቦታ ነው፤ ከዚህ በኋላ እሷ ትምላለች፣ እሱ ይገዛል።

«እውነቴን ነው» አለች ዘርትሁን።

ሰውየው ትንሽ ጠበቀ። ሌላ ነገር የምትጨምር መስሎት ነበር። ከዚያ የዘገነውን ምስር መልሶ አፈሰሰና፣ እስቲ ዞር ዞር ልበል ብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የዘርትሁን ምስር ነቀዝ ገብቶበታል የሚል ወሬ ከዳር እስከ ዳር ደረሰ። ‹ማይ ስትባል እምቢ አለች እኮ› ይባባላሉ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት የፈጠረ ሰው እህል ነግዶ አያውቅም።

እያደር ግን ነገሩ ሌላውንም ነካ። የአንዷ ልጅ ሥራ ሊቀጠር ሄዶ ‹እናትህ ትጠላሃለች› ተብሎ ተመለሰ። የሌላው ሚስት በባሏ መሐላ ምክንያት ኢንሹራንስ ተከለከለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የበርበሬ ነጋዴው ይመር ከሞተ ሃያ ዓመት ባለፈው አማቱ መማል ጀመረ። ‹አማቴ ይሙት› ሲል ገዢው ይስቃል፣ ሲስቅ ግን አይገዛም። አንዳንዱ በማያውቀው ሰው ስም ይምላል። አንዳንዱ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ገዢው አፍ አፉን እያየ የማንን ስም እንደጠራ ይገምታል። ሰኞ ገበያ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር።

ለዘርትሁን የከበዳት ገበያው አልነበረም። ቤት ነበር የከበዳት። ትርሲት ከእጥበት ስትመለስ ቀኑን ሙሉ ያዞራታል፤ ደረጃው ላይ እግሯ ይከዳታል። እናት ልጇ ስትደናቀፍ ‹እኔን!› ትላለች፤ ይህን ለማለት አታስብም፣ ትንፋሽ ነው። ዘርትሁን አሁን ከንፈሯን ትነክሳለች። ከነከሰችው ብዛት የታችኛው ከንፈሯ ቆሰለ። ‹አፈር ስሆን እንጀራ ቅመሺ› ማለት የለ፣ ‹በሞቴ ይቺን ጉርሻ› ማለት የለ። ሰሐኑን ታቀርብና ቆማ ታያታለች። ዕድሜዋን ሙሉ የተናገረችው አማርኛ ግማሹ በሞት የተሠራ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ያን ካወጣችው የቀረው እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ የደረቀ ነው። ልጇን እንዲህ ባለ ቋንቋ ማስታመም ነበረባት፤ በዚህም ከምንም ነገር ይልቅ አፈረች።

ትርሲት ግን ትቀልድባት ነበር። ፊቷ አብጦ፣ አንገቷ ላይ ቱቦ ተሰክቶላት እንኳ ትቀልዳለች። «እማ፣ በድመቷ ማይ» ትላታለች። «ለድመቷ ማንም ኩላሊት አልጠየቀሽም።» እናቷ ስትስቅ እሷም ትስቃለች፤ ከዚያ ይደክማትና ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች።

በሠላሳ አንደኛው ቀን የቀኝ ክንዷ ደም ሥር ተዘጋ። በሠላሳ ስድስተኛው አንገቷ ላይ ቱቦው የገባበት ማመርቀዝ ጀመረ። ዶክተር ረድኤት እግሯ ላይ ቦታ አገኘች፤ ሲገኝ አብረዋት የነበሩት ሁለት ነርሶች ደስ አላቸው፣ የመጨረሻው ቦታ እንደሆነ ግን ማንም ሳይነግራት ትርሲት አወቀችው። ዘርትሁን በየማታው ጣቷን እያጠፈች የቀረውን ቀን ትቆጥር ነበር። አምስት ቀን፣ አራት፣ ሦስት። በአርባው ቀን ውስጥ አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። መዝገቡ ንጹሕ መሆኑን አቶ ምንተስኖት በየቀኑ እያየ ይነግራት ነበር።

የምርመራው ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት መስተዋት አለ። ከመስተዋቱ ጀርባ አቶ ምንተስኖት ይቆማል፤ መናገር አይፈቀድለትም። ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ አስጠንቅቋታል፤ አዎ ወይ አይደለም ብቻ ይበሉ፣ ታሪክ አይጨምሩ፣ አያልቅሱ።

የሚጠይቃት ድምፅ ጥሩ አማርኛ ይናገራል፤ ለስላሳ የሴት ድምፅ ነው፣ አንቱ ይላል። ስሟን ጠየቃት፣ ነገረችው። ልጅዎ እንድትሞት ይፈልጋሉ ወይ አላት፣ አልፈልግም አለች። ከዚህ በፊት ፈልገው ያውቃሉ ወይ አላት፣ አላውቅም አለች። እርግጠኛ ነዎት ሲላት አዎ አለች። አቶ ምንተስኖት ከመስተዋቱ ጀርባ ራሱን ሲነቀንቅ አየችው፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነበር።

ከዚያ ድምፁ አንድ ነገር ላሰማዎ ብሎ አሰማት። የራሷ ድምፅ ነው፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ የወረርሽኙ ጊዜ። ጤና ጣቢያ ቆማ ከአንድ ነርስ ጋር ትከራከራለች። «ትርሲት ትሙት፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፣ ዛሬ ሳታዩልኝ አልመለስም» ትላለች። ከጀርባ የአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ሳል ይሰማል። ዘርትሁን ያን ሳል ከሺህ ሳል መሀል ትለየዋለች።  ያን ቀን ልጇን አዝላ ሦስት ጤና ጣቢያ ዞራ ነበር፤ በዚህ መሐላዋ ነው ነርሷ አዝናላት ያስገባቻት።

«ይህን ሲናገሩ ልጅዎ እንድትሞት ፈልገው ነበር?»

«አልፈለግሁም።»

«ቃሉ እንደዚያ ይላል።»

«አልፈለግሁም።»

«እናምንዎ ዘንድ ምን ይላሉ?»

አርባ ቀን ሙሉ ያላመናት ገበያ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። አቶ ሰይድ ምስሩን መልሶ ሲያፈስ፣ ሰው እየመጣ እጁን ጨብጦ ሲጠብቅ፣ ጠብቆ ሲሄድ። እንደዚች ቀን እንድትታመን የፈለገችበት ጊዜ ግን ኖሮ አያውቅም። ወንበሯ ላይ ወደፊት ተጠጋች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ያላትን እውነት ሁሉ አውጥታ አንድ ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«ትርሲት ትሙት» አለች፣ «ልጄ እንድትሞት ፈልጌ አላውቅም።»

ምን እንዳለች እንኳ አልታወቃትም። እንዲያውም ቀለል አላት፤ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ያወቀችው አቶ ምንተስኖት ግንባሩን መስተዋቱ ላይ ሲደፋ ስታይ ነው።

ድምፁ አመሰገናት። ቃልዎ ተመዝግቧል፣ ቀጣዩ ምርመራ ከአንድ መቶ ሰማንያ ቀን በኋላ ነው አላት። በሩ ራሱ ተከፈተ።

ከክፍሉ ወጥታ ትርሲት ወደተኛችበት እስክትደርስ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ሳተችው። ምን ብላ እንደምትነግራት ስታስብ ደረሰች፤ ምንም አላገኘችም፤ የሆነውን እንዳለ ነገረቻት። ትርሲት መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባት፤ ሳሉ እስኪያልፍላት እናቷ ጀርባዋን ደገፈቻት። ሲያልፍላት ትርሲት የእናቷን እጅ ይዛ አምባሩ ያለበትን በኩል ወደ ራሷ አዞረችው፤ ለእናቷም ለእሱም ልትናገር የፈለገች ይመስል ነበር።

«እማ፣ በኔ ምለሽ ዋሽተሽ አታውቂም» አለች። «እኔ አምኜሻለሁ።»

ዘርትሁን ያን ቀን አለቀሰች። አቶ ምንተስኖትም እንዳለቀሰ ነርሶቹ ተናገሩ። ዶክተር ረድኤት ተጨማሪ ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፤ ሁለቱም ወደ ደላላው ሄደው አልተመለሱም።

ትርሲት በጥር ሃያ አራት ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እጥበት ክፍሉ ውስጥ ሞተች። የእግሯ ደም ሥር ተዘግቶ ሌላ ሲፈለግላት ነበር። እናቷ አጠገቧ ነበረች። በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ ልትላት የፈለገችውን አላለቻትም፤ ምርመራው አንድ ጊዜ ከወደቀ ወዲያ ምን እንደሚያስፈራት ራሷም አታውቀውም፣ አፏ ግን አልታዘዝ አላት።

ቀብሩ ላይ የሆነውን ያዩ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወሩታል። የደሴ ሴቶች ለቅሶ ያውቃሉ፤ ‹ምነው እኔ በቀደምኩ›፣ ‹ምነው እኔን በወሰደኝ› እያሉ ደረት ይመታሉ። ያን ቀን አንዲትም ቃል ያወጣች የለችም። ሁሉም እጃቸው ላይ አምባር አለ፤ ሁሉም የሚያስተምሩት፣ የሚያሳክሙት ልጅ አላቸው። ቃል የሌለው ለቅሶ ተለቀሰ፤ ድምፅ ብቻ። የበርበሬው ነጋዴ ይመር እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከከብት በረት በቀር ሰምቼ አላውቅም ብሏል።

ከሰልስቱ በኋላ ሆስፒታሉ ዘርትሁንን አስጠራት። የሟች አምባር መመለስ አለበት። ጥቁር ለብሳ፣ አምባሩን በመሐረብ ጠቅልላ ሄደች። አቶ ምንተስኖት ተቀበላት፣ አጽናናት፣ አምባሩን ተረክቦ መዝገቡን ዘጋ። ሲዘጋው ማሳያው ላይ ጽሑፍ መጣ። ሰውየው ረጅም ጊዜ አየው። እባክዎ ዛሬ አይዩት፣ ይሂዱ አላት። እሷ ግን ደንቡን ታውቀዋለች፤ አዙርልኝ አለችው፣ አዞረላት።

ምኞት፦ ተፈጽሟል።
ስጋት፦ የለም።
ለጋሽ፦ ይፈቀዳል።
ተስማሚ ተቀባይ፦ ሴት፣ 11 ዓመት። እስከ ሐሙስ።

ዘርትሁን አልጮኸችም። መስመሮቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። ይቺ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የማን ናት ብላ ጠየቀች። ስሟን አይልም፣ አገሯንም አይልም አላት አቶ ምንተስኖት፤ ሩቅ ነው የሚሆነው፣ ኩላሊቱ በአውሮፕላን ነው የሚሄደው።

«እናት የላትም?»

«አለቻት። ደሟም ይገጥማል ይላል። አልተፈቀደላትም።»

«ምን ብላ?»

አቶ ምንተስኖት ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ሲያገኘው ጮክ ብሎ ማንበብ ከበደው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቲቱ ልጅቷን ልትበላት እንደምትፈልግ ተናግራለች። ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ።»

 የትኛው አገር ልጅን እንደዚያ እያሉ እንደሚያቆላምጡ ዘርትሁን አታውቅም። ሴትየዋን ግን አወቀቻት። ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንዲያምኗት የምትለው ሲጠፋባት ታየቻት። ለትርሲት ቢሰጥ ሊያኖራት ይችል የነበረው ኩላሊት እዚህ ጎኗ ውስጥ አለ፤ ለገዛ ልጇ ያልሆነው፣ ስሟን ለማታውቃት ልጅ እስከ ሐሙስ ይሆናል። ልጅቷን ወዳት ስለማታውቅ ነው የተፈቀደላት።

ለእናትየዋ መልእክት መላክ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ሴትየዋ አፏን እንድትዘጋ፣ ከእንግዲህ ለልጇ ምንም እንዳትላት ልትነግራት ፈልጋ ነበር።

«ይቻላል» አለ አቶ ምንተስኖት። «የሚሄደው ግን በደላላው በኩል ነው። እዚያ ሲደርስ ምን ይላል፣ እኔ አላውቅም።»

ዘርትሁን ትንሽ አሰበች። ከዚያ እንግዲያው መልእክቱ ይቅር አለችና ኩላሊቱን ለመስጠት የቱ ጋ እንደምትፈርም ጠየቀችው።